ዳኛው ሕጉ ነው፦ ከጋይንት የታዩ ጌሞች

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት» ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ገበሬ አማርኛ ይናገራል። እንጨት ቁረጥ ብለው ቢያዙት፣ ቤት ሥራ ብለው ቢልኩት፣ መልሱ በአማርኛ ነው። ወታደሩም እንደዚያው። ጋይንት ውስጥ፣ ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አስፋልት ዳር፣ አንዲት የሞባይል ጥገና ቤት ውስጥ የተኮለኮሉ ልጆች ይህን ሲሰሙ ተንጫጩ። ቤቷ ጠባብ ናት። ባንኮኒው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ተደርድረዋል፣ ካውያው ይጨሳል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የደጋው ንፋስ እየገባ ሁሉም ጋቢውን ይሰበስባል። ላፕቶፑ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ ጨዋታው በጥድፊያ ነው።

«ጋሼ፣ ሰሙት? በኛ ቋንቋ እኮ ነው የመለሰው!» አለኝ አንደኛው።

ባለቤቱ ወዳጄ ነው። ስልክ መጠገን ከመጀመሩ በፊት እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ድጓ ተምሯል። ከያዘው ስልክ ቀና ሳይል «መናገሩንስ ተናገረ። ሕጉስ የኛ ነው?» አለ።

እኔም ጌም የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው። ሥዕል ያምራል፣ ድምፅ ይማርካል፤ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ ግን ጌም የሚናገረው በሕጉ ነው። ምን ይፈቅዳል? ምን ይከለክላል? ማንን ይሸልማል፣ ማንን ይቀጣል? ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በዚህ ሚዛን የተሰጠ የአንድ ተጫዋች ፍርድ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በጌም የታወቁ አገሮች አይደሉም። አገሩ ስሙ የሚነሳው በትምህርቱ ነው፤ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ቤት ናቸው። የቤተ ልሔምን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ክብ የሣር ጣሪያ ከላይ ሸፍኖት ሳለ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቶ ለውጭ አንባቢ የጻፈው ቶማስ ፓክናም ነበር። ለአገሬው ግን ቤቱ ተሰውሮ አያውቅም፤ ተማሪው ሲጎርፍበት ኖሯል። የዛሬው ወጣት ደግሞ ከተማ ሲወጣ ጆተኒ ይመታል፣ ፑል ይጫወታል፣ ፕለይስቴሽን ቤት ገብቶ ተራ ይጠብቃል፣ ስልኩ ላይ ያለውን ጌም በፍላሽና በዜንደር ከጓደኛው ይቀባበላል። ተማሪውና ተጫዋቹ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ አንዳንዴም፣ እንደ ወዳጄ፣ አንድ ሰው ናቸው።

ወደ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ልመለስ። ጨዋታው በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ኢትዮጵያ የገባችው በ2015 እ.ኤ.አ. «የአፍሪካ መንግሥታት» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ከማሊ፣ ከበርበርና ከፖርቱጋል ጋር ነው። የኢትዮጵያ ልዩ ወታደር ባለ ሾተሉ እግረኛ ነው። በፍጥነት ይሠለጥናል፣ ክንዱ ከባድ ነው፣ ግን ሰውነቱ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይወድቃል። ቀስተኞቿ ከሌላው አገር ቀስተኛ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይወረውራሉ። ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው ስትሻገር መቶ ወርቅና መቶ ምግብ በነጻ ታገኛለች። ይህ ሁሉ ሲደመር የሚፈጥረው አጨዋወት ጥድፊያ ነው፤ ቶሎ ተነሥ፣ ቶሎ ዝመት፣ የወደቀውን በአዲስ ተካ። ለመጫወት ያስደስታል፣ ይህን አልክድም። ከፍታ ላይ የቆመ ወታደር ዝቅ ያለውን ሲመታ ጉዳቱ በሩብ ይጨምራል፤ የገደል አፋፍና የአምባ ጥቅም ለሚያውቅ የጋይንት ልጅ ይህ ሕግ ወዲያው ይገባዋል። ኢትዮጵያዊው ተጫዋች የሚያቆመው ታላቅ ሕንጻ ደግሞ የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ነው። ልጆቹ እሱን ሲያዩ ጨዋታውን ትተው ግንቡን ብቻ ለመሥራት ተስማሙ።

የዚህ ጌም ትልቁ ድፍረት የዮዲት ዘመቻ ነው። አምስት ክፍል አለው። ዮዲት ከአክሱም ቤተ መንግሥት በሐሰት ክስ ትባረራለች፣ ባሕር ተሻግራ አጋር ታገኛለች፣ ተመልሳም አክሱምን ትመታለች። አንዱ ክፍል ስሙ ራሱ «የተሰበሩ ሐውልቶች» ነው። እኛ ዮዲትን የምናውቃት አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠሏ ነው፤ ጌሙ ግን በእሷ ቦታ አስቀምጦ እንድንዘምት ያደርገናል። ጥሩ አደረገ እላለሁ። ጠላት ብለን የምንጠራውን ሰው ምክንያት ከውስጥ ማየት ጌም ከመጽሐፍ በተሻለ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። የሚጎድለው ቅጣቱ ነው። ያቃጠልከው ነገር አይከተልህም። ታሪኩ «አሸነፍክ» ብሎ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የጨለማ ዘመን የተጫዋቹ ዕዳ አይሆንም።

«ሲቪላይዜሽን 5» በዚህ ረገድ የጠለቀ ሐሳብ አለው። ኢትዮጵያ የገባችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ እሳቸውም በአማርኛ ይናገራሉ። የአገሪቱ ልዩ ችሎታ «የዐድዋ መንፈስ» ይባላል። ከአንተ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ ሠራዊትህ ሃያ በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል። ይህችን አንዲት ሕግ አሰላስሏት። ከተማ እየያዙ መስፋፋት በሚያሸልመው ጨዋታ ውስጥ፣ ኢትዮጵያን የያዘ ተጫዋች «አልስፋፋ፣ በቃኝ፣ የሚመጣብኝን ግን አልምርም» ብሎ እንዲያስብ ትገፋዋለች። የውጭ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ከጻፏቸው የጌም ሕጎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ያለ አንድ ቃል ትምህርት የአገርን አቋም ታስጨብጣለች።

ግን ሙሉ አይደለችም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በቁጥር የሚበልጠው የኛ ጦር ነበር፤ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋው ሠራዊት የገጠመው ወደ አሥራ ሰባት ሺህ ገደማ የሚሆን የጣሊያን ጦር ነው። የጣሊያን ብልጫ በፋብሪካው፣ በመርከቡና በመድፉ ነበር። ለድሉ ያበቃንም ክተት የተባለው አዋጅ፣ ከየአገሩ የወጣው ስንቅና ያንን ሁሉ ሰው ወራት የወሰደ መንገድ አብልቶ የማድረስ ጥበብ ነው። ከዐድዋ በፊት መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን የውኃ ምንጭ አስይዘው ጣሊያንን በጥም አስጨንቀዋል። «ሲቪላይዜሽን 5» ውስጥ ውኃ መያዝ የሚባል ሕግ የለም፣ ስንቅ የሚባልም የለም። ሃያ በመቶ ብሎ አጠቃለለው። ዐድዋን ጌም የሚያደርግ ኢትዮጵያዊ ሲነሣ ከስንቁ ይጀምር።

ቀጣዩ «ሲቪላይዜሽን 6» ኢትዮጵያን በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት አስገባ። ከተማ ኮረብታ ላይ ከቆረቆርክ እውቀትና ባህል ታገኛለህ፤ ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ጦርህ ይበረታል። ኮረብታ የማያዘገየው የኦሮሞ ፈረሰኛ አለህ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ትሠራለህ፣ ዙሪያውን ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር የሚሰጥህ «እምነት» ይጨምራል። ከጉና ግርጌ ላደገ ሰው ሥዕሉ ልብ ይነካል። ደጋውን፣ ተራራውንና ቤተ ክርስቲያኑን አንድ ላይ ማየት የቻለ የውጭ ጌም ሌላ አላየሁም።

ወዳጄ ይህንኑ ሕግ ሳብራራለት ካውያውን አስቀምጦ ማያ ገጹን ቀረብ ብሎ አየ።

«ተማሪው የት አለ?» አለኝ።

«ተማሪ የለውም» አልኩት።

«የኔታስ?»

«የኔታም የሉም። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻውን ነው እምነት የሚያመርተው።»

«እና እምነቱ ምን ይሆናል?»

«ይጠራቀማል። ከዚያ ዕቃ ይገዛበታል።»

ዝም ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሱ ያየውን አሁን እኔም አያለሁ። ቤተ ልሔም ውስጥ ያ ቤተ ክርስቲያን ዘመን የተሻገረው ተራራ አጠገብ ስለሆነ አይደለም። ተማሪው ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊቱን ቀጽሎ፣ ድጓውን ከነምልክቱ ዓመታት ፈጅቶ አጥንቶ፣ መምህሩ ፊት ስለሚመሰክር ነው። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በተድባበ ማርያም ያዘጋጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈ ድካም ነው። ጌሙ ያን ድካም አውጥቶ ተራራውን አስቀረ። «ሲቪላይዜሽን 6» ከሁሉም አብልጦ ያማረ የኢትዮጵያ ሥዕል አለው፤ ሕጉ ግን የአገሩን ሰው አያውቅም። በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው ጨዋታ ውስጥ አክሱም ከነሐውልቷና ከነታንኳዋ ገብታለች፤ እሱን የሚያስኬድ ላፕቶፕ ንፋስ መውጫ ላይ ስላላገኘሁ አልፈርድበትም።

ስለ ጦርነት ጌሞች ስጽፍ ድምፄ ይቀየራል። በዚህ አገር የሚያነብ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

«ፐብጂ» ብዙ ወጣት የያዘ የስልክ ጌም ነው። መቶ ሰው በፓራሹት ደሴት ላይ ይወርዳል፣ ከየቤቱ ጠመንጃና ጥይት ይለቅማል፣ ክቡ እየጠበበ ይሄዳል፣ የመጨረሻው የቀረ ያሸንፋል። በችሎታ ደረጃ እጅግ የተዋጣለት ጌም ነው። ኮቴ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በጆሮ ይለያል፣ ትዕግሥት ያስተምራል፣ ከጓደኛ ጋር መናበብን ይጠይቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ሲዘጋ «ፐብጂ»ም አብሮ ቆመ፤ ያለ ኔትወርክ አይከፈትምና። ልጆቹ ያን ጊዜ ወደ ኦፍላይን ጌሞች ዞሩ።

በ«ፐብጂ» ላይ ያለኝ ተቃውሞ ስለ ቤቶቹ ነው። ደሴቱ በቤት የተሞላ ነው፤ አልጋ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ማዕድ ቤት አለ። ባለቤት ግን የለም። በር በርግደህ ስትገባ የሚደነግጥ እናት የለችም፣ ከአልጋ ሥር የተደበቀ ሕፃን የለም። ሕጉ የጦር ሜዳን ባዶ ሠፈር አድርጎ ያስባል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ንፋስ መውጫን ለቀናት በያዙ ጊዜ ቤቶቹ ባዶ አልነበሩም። በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን መደፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ ሌላ ግጭት መጣ። ይህን ያየ ሰው የተኩስ ጌም መጫወት የለበትም አልልም፤ ብዙዎቹ ልጆች ይጫወታሉ፣ እኔም እጫወታለሁ። ነገር ግን ባለቤት የሌለው ቤት ውሸት እንደሆነ ማወቅ አለብን።

ያንን ውሸት የማይዋሽ ጌም አንድ አውቃለሁ፤ «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» ይባላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የፖላንዱ 11 ቢት ስቱዲዮስ ሠራው፤ መነሻው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳራዬቮ ለዓመታት የተከበበችበት ጦርነት ነው። እዚህ ወታደር አይደለህም። በፈራረሰ ቤት ውስጥ የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎችን ነው የምታስተዳድረው፤ አንዱ ኳስ ተጫዋች የነበረ፣ አንዱ ወጥ ሠሪ፣ አንዷ ጋዜጠኛ። ቀን ቀን ተኳሽ ስላለ መውጣት አይቻልም፤ ምድጃ ትሠራለህ፣ መስኮት ትደፍናለህ፣ ታማሚ ታስታምማለህ። ሲመሽ አንዱን ሰው መርጠህ ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ትልካለህ። ክረምቱ ሲበረታ መጻሕፍትን ለማገዶ ማንደድም ይመጣል።

ከምትሄድባቸው ቤቶች አንዱ ውስጥ አንድ አሮጌ ባልና ሚስት ይኖራሉ። መሣሪያ የላቸውም። ምግብና መድኃኒት አላቸው። ብትወስድባቸው የሚያቆምህ የለም፤ ባልየው ከመለመን ሌላ ምንም አያደርግም። ወስደህ ስትመለስ ቤትህ ያሉት ሰዎች ይጠግባሉ፤ ግን የሆነውን ሲሰሙ ይጨልማሉ። አንዱ መሬት ላይ ተቀምጦ አልነሣም ይላል፣ ሌላው አልበላም ይላል። የሠራኸው ነገር በሕግ ተጽፎ ይከተልሃል። የዮዲት ዘመቻ ያልከፈለውን ዕዳ ይህ ጌም ያስከፍላል። ጎረቤት በር አንኳኩቶ መድኃኒት ሲለምንህ መስጠትና አለመስጠት ያንተ ነው፤ ብትሰጥ ያንተው ሰው ሊሞት ይችላል፣ ባትሰጥ ደግሞ ኅሊና አለ። የፖላንድ መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ ትክክል ነበር።

ጥገና ቤቷ ውስጥ ይህን ጌም ስከፍት ልጆቹ መጀመሪያ ላይ «ተኩስ የለውም እንዴ?» አሉ። ቆይተው ግን አንዷ ልጅ መሪነቱን ያዘች። ማን ይተኛ፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን ይብላ የሚለውን ስትወስን ማንም አልተከራከራትም። የሚያስፈልገውን ሁሉ ታውቅ ነበር። ለምን እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም።

አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ሰው ሲሞት ለቅሶ መቀመጥ የለም። የሞተው ከቤቱ ይጠፋና ጨዋታው ይቀጥላል። ዕድር የሚባል፣ መቅበር የሚባል፣ ድንኳን መጣል የሚባል ሕግ አልተጻፈም። በኛ አገር ጦርነቱ በርዶ ሰው ከቤት መውጣት ሲችል መጀመሪያ የሚያደርገው የጎረቤቱን አስከሬን ፈልጎ መቅበር ነው። ቢሆንም ከተጫወትኳቸው ሁሉ ለይቼ የማስቀምጠው ይህንን ነው።

የኳስ ጌም ላይ ብዙ አልቆይም። ፕለይስቴሽን ቤቶች በፊፋ ይተዳደራሉ፤ ፊፋና ኢኤ ተለያይተው ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጌሙ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ቢባልም ሰው አሁንም ፊፋ ነው የሚለው። በየዓመቱ አዲስ ስም ይዞ የሚወጣው በአብዛኛው የዱሮው ጨዋታ ነው። በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ያነሣው ፋሲል ከነማ እዚያ ውስጥ የለም፤ ሊጉም የለም። ልጆቻችን ማንቸስተርና አርሰናል ሆነው ያድጋሉ።

«ስታርዱ ቫሊ» ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ብቻውን ዓመታት ለፍቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። አያት ያወረሱትን መሬት ይዘህ ትቆፍራለህ፣ ትዘራለህ፣ ታጠጣለህ። እያንዳንዱ ወቅት ሃያ ስምንት ቀን ነው። የሠራ ሁሉ ያፈራል። ቁራ አለ፣ መብረቅ አለ፤ ሰብል የሚያጭድ በረዶ ግን የለም፣ ያልመጣ ዝናብ የለም። ሰላም የሚሰጥ ጌም ነው፣ ሙዚቃውም ያሳርፋል፤ ደክሞት ለሚመሽበት ሰው እመክረዋለሁ። የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ግን ሠርቶም ላያገኝ ይችላል። መሬቱ ተሸርሽሯል፣ ማሳው ለልጆች እየተከፋፈለ ጠቧል፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ የኖረው በሴፍቲኔት ድጋፍ ነው። የሠራ ሁሉ ያገኛል የሚለው ሕግ ደስ የሚል ምኞት ነው። በኛ ደጋ ላይ የእርሻ ጌም ቢሠራ ጨዋታው የሚያርፈው በዘር ምርጫ፣ በእርከን ሥራ፣ በወንፈልና በደቦ ላይ ነው፤ ለብቻው የሚያርስ ተጫዋች መሸነፍ አለበት።

ስልክ ላይ የሚሮጡ ጌሞች፣ «ቴምፕል ረን»ና «ሰብዌይ ሰርፈርስ»፣ ጣት ከማፍጠን በቀር የሚሉት ብዙ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቀኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሲያወጣ የዚሁን ዘር ጌም ይዞ መንደሩን ኢትዮጵያዊ አደረገው፤ የምትሮጠው ከገበሬው ያመለጠች ዶሮ ናት። ልጆች ይወዱታል፣ ሥራውም ጥራት አለው። ሕጉ ግን ከ«ቴምፕል ረን» ብዙ አይርቅም። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም፤ ገና የሚጀምር ሰው የታወቀ መንገድ መያዙ ተገቢ ነው። ቀኔ በ2022 እ.ኤ.አ. ከሌሎች የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ጋር የጋራ ኅብረት መመሥረቱም ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ሕጉን ከአገር ማምጣት ነው፤ የገበጣን ጨዋታ ወደ ስልክ ማምጣታቸው በዚያ መንገድ ላይ የተወሰደ እርምጃ ነው።

እዚህ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው።

ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች መሬት ላይ ጉድጓድ ጭረው በጠጠር ገበጣ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ለገበያ የሚሄዱ አንድ አባት ቆም ብለው ተመለከቱና «በኛ ቀበሌ እንዲህ አይበላም፤ እዚህ ጋ ያለው ጠጠር አይነሣም» አሏቸው። ልጁም «አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ያሳዩን» አላቸው። ተቀምጠው አሳዩአቸው። ከአንድ ወንዝ ማዶና ማዶ ሕጉ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አካባቢው ገበጣዎች ባሳተመው ጥናት ይህን ልዩነት በሰፊው መዝግቧል። ከየአገሩ ሕግ አንዱን ብቻ መርጦ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ሌሎቹን ማስረሳት ነው። ተጫዋቹ «የጋይንት»፣ «የወሎ»፣ «የጅማ» እያለ መምረጥ ቢችል ግን ጌሙ ራሱ መዝገብ ይሆናል።

ሰንጠረዥ፣ የኛው ቼስ፣ ከዚህም ይበልጣል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ቤት አይቶ ጽፎታል። ሰሌዳው እንደ ቼስ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ንጉሥ አለ፣ ፈርዝ አለ፣ ፈረስ አለ፣ መደቅ አለ። ከዓለም ቼስ የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደፈለጋቸው፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ ጦሩን ሲያሰልፍ ሌላው እያየ የራሱን ያስተካክላል፤ አንዱ ሲለውጥ ሌላው ይለውጣል። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ነው። አሸናፊው በምን እንደገደለም ይታያል። ንጉሥን በታላላቆቹ ቁራጮች ማሰር ብዙ ክብር የለውም፤ በመደቅ፣ ያም ማለት በእግረኛው፣ ማሰር ያስወድሳል።

የኮምፒዩተር ስልት ጌሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እንደ «ሲቪላይዜሽን» ተራ ይጠብቃል፤ ሌላው እንደ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ተራ የለውም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ሰንጠረዥ ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ አጣምሮ የያዘ ነው። ከጥድፊያ ወደ እርጋታ የሚያሸጋግረው የመጀመሪያው ደም ነው። ማን ቀድሞ ይበላል የሚለው ውሳኔ በራሱ ጨዋታ ነው፤ ተዘጋጅቻለሁ ያለ ይመታል፣ ያልተዘጋጀ ይሸሻል። የጌም ዲዛይን የሚያጠና ሰው ይህን ሕግ ቢያገኝ እንደ ሀብት ይይዘዋል። እኛ ጨርቁን አጥፈን አስቀምጠነዋል።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን መንገድ ሄደውበታል። አላስካ ውስጥ የኢኑፒያት ሽማግሌዎች ከጌም ሠሪዎች ጋር ቁጭ ብለው በ2014 እ.ኤ.አ. «ኔቨር አሎን»ን አወጡ። ተራኪው በራሳቸው ቋንቋ ይተርካል፤ ሕጉ ደግሞ ልጅቷና ነጭ ቀበሮዋ አንዳቸው ያለ ሌላቸው እንዳይሻገሩ ያስገድዳል። ካሜሩን ውስጥ ኪሮ ጌምስ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኦሪዮን» የተዋጊውን ጉልበት ከአያቶች ውርስ ያመነጫል። በሁለቱም ባህሉ ሕግ ሆኖ ገብቷል።

ከኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ማኅሌት በቀስታ ተጀምሮ ወደ መረግድ፣ ከዚያም ወደ ጽፋት ሲፈጥን ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው አንድ ላይ ይነሣሉ። ስልክ ላይ ያለው «ፒያኖ ታይልስ» የሚያውቀው ፍጥነትን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው እስኪሳሳት ድረስ ይፈጥናል። መረዋ ዘማሪ ግን ከማኅበሩ ቀድሞ ቢፈጥን አጠፋ ይባላል። አብሮ መፍጠንን የሚለካ ጌም እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ሆናችሁ ኮድ ለምትጽፉ ልጆች ጥያቄ አለኝ። የሰንጠረዥ ሕግ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በፓንክረስት ታትሟል፤ ፈልጋችሁ አንብቡት፣ ወረራውንም ሳትቆርጡ ሥሩት፣ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት ይሁን። የገበጣው ሕግ ግን፣ ፓንክረስት ከመዘገበው ውጭ፣ ገና በሰው ቃል ነው ያለው። አያት ያላችሁ በዚህ ክረምት አገር ቤት ስትገቡ ጠጠሩን ይዛችሁ ጠይቋቸው፣ እንዴት እንደሚበላ ሲያሳዩ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ቀበሌውንም ጻፉበት።